የማይዋጠው ካፕሱል

እማዬ ካፕሱሉን ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስትውጠው ነበር። በውሃ። ጠዋት ከቁርስ በኋላ አንድ፣ ልክ ወረቀቱ ላይ እንደተጻፈላት። አብሮት የመጣውን የፕላስቲክ ዕቃ ደግሞ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ኮመዲኖ ውስጥ አስቀምጣዋለች።

በአሥረኛው ቀን ልጠይቃት ስሄድ ደረቷ እንደበፊቱ ያፏጫል። "መድኃኒቱ እንዴት ነው?" አልኳት። "ምንም አልሠራልኝም የኔ ልጅ" አለችኝ። ካርቶኑን አምጥቼ አየሁት። ዘጠኙ ጉድጓድ ባዶ ነው። ዕቃውን ከጨርቁ ፈትቼ ከፈትኩት። ገና አዲስ አዲስ ይሸታል። አንድም ቀን አፍ አልነካውም።

"እማዬ፣ ይሄን ምንድነው ብለው ሰጡሽ?"

"ምንም አላሉኝም። የመድኃኒቱ ማስቀመጫ መስሎኝ።"

መድኃኒቱ ቲዮትሮፒየም ይባላል። ካፕሱሉ ውስጥ ነጭ ዱቄት አለ። ዱቄቱ የሚገባው በሳንባ እንጂ በሆድ አይደለም። ካፕሱሉ በዚያች ዕቃ ውስጥ ተበስቶ በአፍ ይሳባል። ቢዋጥ ከሆድ ወደ ደም የሚያልፈው በጣም ጥቂቱ ነው፤ ሳንባ ጋ የሚደርስ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ዘጠኝ ቀን ገንዘብም ትንፋሽም ባክኗል። ከዚያ ወዲህ አምስት ወር በትክክል ተጠቅማበታለች። አሁን ስለ እሱ መጻፍ የምችል ይመስለኛል።

እማዬ 67 ዓመቷ ነው። ሽሮ ሜዳ እንጀራ እየጋገረች ነው ሦስታችንንም ያሳደገችን። ማገዶዋ ከእንጦጦ የሚወርደው የባሕር ዛፍ ቅጠል ነበር። ቅጠሉን ስትማግድ የሚወጣውን ጭስ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዓይን ያስለቅሳል፣ ጉሮሮ ይይዛል፣ ቤቱን ሞልቶ በጣሪያው ክፈፍ ነው የሚወጣው። ሲጋራ በአፏ ዞሮ አያውቅም። ግን አንድ ማሽን ውስጥ በኃይል አስነፍተዋት ውጤቱን ሲያዩ ሐኪሙ "ሲኦፒዲ የሚባል ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ነው፣ የአየር ቧንቧዎቿ ጠብበዋል" አለን። እኔ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በሽታ ይመስለኝ ነበር። የጓዳ ጭስም ያመጣዋል። በአገራችን ደግሞ በዚህ መንገድ የሚታመሙት እንደ እማዬ ያሉ ምድጃ ሥር የኖሩ ሴቶች ናቸው።

ሐኪሙ መድኃኒቱን ሲጽፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ነበር፦ "ይሄ ቧንቧውን የሚያጠበውን ነርቭ ዝም ያሰኛል።" እማዬ "ነርቭ" የምትለዋን ቃል ይዛ ወጣች። ታክሲ ውስጥ ዝም አለች። ቤት ስንደርስ "እኔ እኮ ነርቭ የለብኝም" አለችኝ። ነርቭ ማለት ለእሷ አእምሮው የተነካ ሰው፣ የሚጮህ ሰው ነው። ልጆቿ የነርቭ መድኃኒት እንደምትወስድ ለሰፈር እንዳያወሩ ፈራች። ስለዚህ ካፕሱሉን ደብቃ ነበር የምትውጠው። ለምን ማንንም እንዳልጠየቀች የገባኝ ኋላ ነው።

ይህን ያስተካከለችልን የእህቴ ልጅ ናት። ፋርማሲ ትማራለች። ቅዳሜ ከሰዓት መጣች፣ እማዬ አጠገብ ቁጭ አለች፣ ከኪሴ የዕቃ መግዣ ደረሰኝ ተቀብላ ጀርባው ላይ ሣለችላት።

መጀመሪያ ክብ ሣለች፣ ራስ። ከክቡ ሥር፣ ማጅራት አካባቢ፣ ነጥብ አደረገች። "እማማ፣ ከዚህ ቬገስ የሚባል ነርቭ ይነሳል። ግራና ቀኝ ሁለት ነው። በአንገት ወርዶ ደረት ውስጥ ይገባል። ለልብም ለሆድም ቅርንጫፍ ይሰጣል። ለሳንባ የሚሄደው በሳንባው በር በኩል ይገባና የአየር ቧንቧዎቹን እየተከተለ ይወርዳል።" ከዚያ ዛፍ የመሰለ ነገር ሣለች፣ ተገልብጦ የተተከለ ዛፍ። "ነርቩ ቧንቧው ግድግዳ ላይ ሲደርስ አሴቲልኮሊን የሚባል ፈሳሽ ጠብ ያደርጋል። በቧንቧው ዙሪያ እንደ መቀነት የተጠመጠመ ጡንቻ አለ። ፈሳሹ ሲነካው ይሸመቀቃል። ቧንቧው ይጠብባል። እጢዎቹም አክታ ያመርታሉ።"

እማዬ ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አየችው። "እና ይሄ ነርቭ ሁሉም ሰው ላይ አለ?"

"ሁሉም ሰው ላይ አለ።"

"አንቺም ላይ?"

"እኔም ላይ።"

እማዬ ተነፈሰች። ከዚያን ቀን ወዲህ ካፕሱሉን ደብቃ አታውቅም።

እኔ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። ሥዕሉን ሳይ ያሰብኩት በሙያዬ ነው። አንድ ቤት ውስጥ የአንድ ኢንች መስመር አውጥተህ በግማሽ ኢንች ብትተካው ውሃው በግማሽ ይቀንሳል ብለህ አትጠብቅ። ከዚያ በጣም ይብሳል። የእህቴ ልጅ ስሌቱን ነገረችኝ። ፈሳሽም ሆነ አየር በጸጥታ በሚፈስበት ቱቦ ውስጥ፣ ስፋቱ በግማሽ ሲጠብብ ተቃውሞው 16 እጥፍ ይሆናል። የሳንባ ቧንቧ ደግሞ ከጉሮሮ ተነስቶ ሁለት ሁለት እየሆነ ወደ 23 ጊዜ ይከፋፈላል። መጨረሻዎቹ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሱ ናቸው። እዚያ ላይ ጡንቻው ትንሽ ቢሸመቀቅ ሰውዬው ምን ያህል እንደሚታገል አስቡት። እማዬ ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ያለውን ዳገት ስትወጣ አምስት ጊዜ የምትቆመው ለዚህ ነበር። እኔ ግን ለዓመታት "እርጅና ነው" እላት ነበር። ይህን ሳስብ ያመኛል።

በእኔ ሥራ ቧንቧ የሞተ ነገር ነው። አንዴ ከቀበርከው ስፋቱ አይቀየርም። የሳንባ ቧንቧ ግን ሌት ተቀን ትእዛዝ ይቀበላል። ጤነኛ ሰው ላይ እንኳ ቬገስ ሁልጊዜ ትንሽ ትንሽ ይጎትታል። ጡንቻው ሙሉ በሙሉ ልቅ ሆኖ አያውቅም። ሳንባው ጤነኛ ሲሆን ያቺ ትንሽ ጉተታ አትሰማም። ጭስ ግድግዳውን ባሳበጠው፣ አክታ በሞላው ቧንቧ ላይ ግን ያቺው ጉተታ ትልቅ ነገር ናት። የዚህ መድኃኒት ጥቅም እዚህ ላይ ነው። በጭስ የተበላውን ሳንባ አይመልስም። ሊለቀቅ የሚችለውን ጉተታ ግን ይለቃል። ሲኦፒዲ ውስጥ ወደ ኋላ ሊመለስ ከሚችለው ጥበት ዋናው በዚህ ነርቭ የሚመጣው ነው ይባላል።

ነርቭ በፈሳሽ ነው የሚያዘው የሚለው ነገር በጣም ገርሞኝ ስለነበር ማን እንዳወቀው ጠየቅኩ። ኦቶ ሎዊ የሚባል ሰው ነው። ኦስትሪያ ውስጥ ግራዝ ከተማ ይሠራ ነበር። ሙከራው በሕልሜ መጣልኝ ብሏል፤ የፋሲካ ሰሞን ሌሊት። ነቅቶ ወረቀት ላይ ጫረው፣ ጠዋት ግን የገዛ ጽሑፉን ማንበብ አቃተው። በማግስቱ ሌሊት ሕልሙ ተመለሰ። ያኔ ወረቀት አልፈለገም። ተነስቶ ወደ ላቦራቶሪው ሄደ። የሁለት እንቁራሪቶች ልብ አወጣ። የአንደኛውን ቬገስ ነርቭ ሲነካካው ልቡ ቀስ አለ። ያ ልብ የነበረበትን ፈሳሽ ወስዶ ነርቭ በሌለው በሁለተኛው ልብ ላይ ሲያደርገው ያም ቀስ አለ። መልእክቱ ፈሳሹ ውስጥ ነበር። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1921 አሳተመ። ፈሳሹ አሴቲልኮሊን መሆኑ ኋላ ተረጋገጠ። በ1936 ከእንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። እማዬ ጠዋት ጠዋት የምትስበው ዱቄት ከዚያ ሌሊት ጋር የተገናኘ ነው።

አሁን ዱቄቱ ምን እንደሚሠራ በቅርብ እንየው። አሴቲልኮሊን ጡንቻው ላይ የሚያርፍበት መቀመጫ አለው፣ ኤም-3 ይባላል። ቲዮትሮፒየም ቀድሞ መጥቶ መቀመጫውን ይይዛል። ነርቩ ፈሳሹን ጠብ ያደርጋል፣ ፈሳሹ ግን የሚቀመጥበት ያጣል። ጡንቻው አይሸመቀቅም። ሌላም ነገር አለ። ነርቩ ጫፍ ላይ ኤም-2 የሚባል መቀመጫ አለ። ይሄ እንደ ፍሬን ነው፤ ፈሳሹ ሲበዛ ነርቩን "በቃ" ይለዋል። የቀድሞው መድኃኒት ኢፕራትሮፒየም ሁለቱንም እኩል ነው የሚይዘው፣ ፍሬኑንም ጭምር። ቲዮትሮፒየም ግን ከፍሬኑ ላይ ቶሎ ይነሳል፣ ከኤም-3 ላይ ግን አይነቃነቅም። ግማሹ ከኤም-3 ለመላቀቅ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጅበታል። በቀን አንዴ ብቻ የሚወሰደው ለዚህ ነው። ኢፕራትሮፒየም በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ነው። እንደ እማዬ ላለ ሰው ይሄ ልዩነት ቀላል አይደለም። በቀን አራት ጊዜ የሚባል ነገር እኛ ቤት ሦስተኛው ላይ ይረሳል።

እማዬ ሌላ መድኃኒትም አላት፣ ሁላችሁም የምታውቁት ሰማያዊው ፓፍ፣ ሳልቡታሞል። እሱ የሚሄደው በሌላ መንገድ ነው። እዚህ ላይ የእህቴ ልጅ የነገረችኝ ነገር እስካሁን ይደንቀኛል። ሰውነታችን ቧንቧውን ለማጥበብ ጠንካራ ነርቭ ዘርግቷል። ለመክፈት ግን በአድሬናሊን ወገን ያለው ነርቭ የሰው ቧንቧ ጡንቻ ላይ እዚህ ግባ የሚባል አይደርስም። መክፈቻ መቀመጫዎቹ ጡንቻው ላይ ሞልተዋል፤ ቤታ-2 ይባላሉ። አድሬናሊኑ የሚመጣላቸው ከኩላሊት በላይ ካለው እጢ፣ በደም ነው። ደንግጠህ ስትሮጥ ትንፋሽህ የሚከፈተው እንዲህ ነው። ሳልቡታሞል ያንን አድሬናሊን ነው የሚመስለው። በደቂቃዎች ይከፍታል፣ በአራት እስከ ስድስት ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ሌላ መክፈቻ ነርቭም አለ፣ ከቬገስ ጋር አብሮ የሚመጣ፤ መልእክቱ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። ለእሱ ግን በፓፍ የመጣ መድኃኒት የላትም።

ሁለቱን አታምታቱ። ቲዮትሮፒየም ትንፋሽ ሲቆረጥ የሚነሳ መድኃኒት አይደለም። ያኔ የሚነሳው ሳልቡታሞሉ ነው። እማዬ ሳልቡታሞሉን ኮመዲኖው ላይ፣ ካፕሱሉን ከቡና ስኒዎቹ አጠገብ አድርጋለች። እንዳይምታታባት ብላ ራሷ ነች የለየቻቸው።

ለሳልቡታሞሉ ደግሞ የ500 ሚሊ ሊትር የውሃ ጠርሙስ አዘጋጅቼላታለሁ። የጠርሙሱን ቂጥ በፓፉ አፍ ልክ በጋለ ሽቦ በስቼ ገጠምኩት፣ ዙሪያውን አሸግኩት። በጠርሙሱ አፍ በኩል ትስበዋለች። ፓፉን ተጭኖ በዚያው ቅጽበት መሳብ ለእሷ ከባድ ነበር፤ ግማሹ ምላሷ ላይ ይቀር ነበር። ይሄ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች አስም የያዛቸው ሕፃናት ላይ ሞክረውት፣ ዙሪያው የታሸገ ጠርሙስ ለዚሁ ተብሎ ከሚሸጠው ዕቃ እኩል እንደሠራ በ1999 ላንሴት ላይ አውጥተዋል።

ወደ ካፕሱሉ ልመለስ። ዕቃው የእንቁላል ቅርጽ አለው፣ በመዳፍ ይያዛል። ክዳኑ ወደ ላይ ይከፈታል። ከሥሩ የአፉ ክፍል አለ፣ እሱም ይነሳል። መሐል ላይ ካፕሱሉ የሚቀመጥባት ትንሽ ጉድጓድ አለች። ካፕሱሉን ከማሸጊያው የምታወጡት ልትስቡት ስትሉ ብቻ ነው። ክረምት ላይ ቀድሞ የወጣ ካፕሱል እርጥበት ይስባል፣ ዱቄቱ ይጋገራል። ካስቀመጣችሁ በኋላ የአፉን ክፍል "ቀጭ" እስኪል ዝጉት። ከዚያ በጎን ያለውን ቁልፍ አንዴ እስከ መጨረሻው ተጫኑት፣ ልቀቁት። ውስጥ ያለው መርፌ ካፕሱሉን በሳው ማለት ነው።

አሁን ወደ ውጭ ተንፍሱ፣ ሙሉ በሙሉ። ዕቃው ውስጥ ግን አትተንፍሱ፣ ዱቄቱ ይበተናል፣ ትንፋሹም ያረጥበዋል። ከዚያ ከንፈራችሁን ግጠሙና ቀስ ብላችሁ፣ ግን በደንብ፣ ሳቡ። ዋናው ነገር ድምፁ ነው። ካፕሱሉ ጉድጓዷ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ "ጥርርርር" ይላል። ያ ድምፅ ካልመጣ ዱቄቱ አልወጣም። እስኪሞላችሁ ሳቡ፣ እስከ ቻላችሁት ድረስ ትንፋሻችሁን ያዙ። ከዚያው ካፕሱል አንድ ጊዜ ድገሙ። ሁለተኛውን ሰው ይረሳዋል። ካርቶኑ ላይ 18 ማይክሮግራም ተብሎ የተጻፈው መጠን የሚገኘው ሁለቴ ተስቦ ነው።

የመጀመሪያው ቀን እማዬ ስትስብ ድምፁ አልመጣም። በድንገት፣ በችኮላ ስባ ነበር የምትተወው። "እንደ ሾርባ አድርጊው እማማ፣ ሲያቃጥል ቀስ አድርገሽ እንደምትስቢው" አለቻት የእህቴ ልጅ። አራተኛው ሙከራ ላይ "ጥርርርር" አለ። እማዬ ዓይኗ ፈጠጠ። ትንፋሿን እንደያዘች በጣቷ ወደ ዕቃው እያመለከተች ሰማችሁ ወይ ትለናለች። አሁን ድምፁን ሰምታ ካልረካች አትነሳም።

ለውጡ በአንድ ቀን አልመጣም። በመጀመሪያው ሳምንት ሌሊቱ ተሻለ። እማዬ በፊት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ትነቃ ነበር፣ ደረቷ እያፏጨ። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ጎሕ እስኪቀድ ትጠብቃለች። ለዚያም ምክንያት አለው። ሌሊት የቬገስ ጉተታ ይበረታል፣ በደም ያለው አድሬናሊን ደግሞ ይቀንሳል። አስም ያለበት ሰው ሁሉ ያንን ሰዓት ያውቀዋል። ዱቄቱ 24 ሰዓት ስለሚሠራ ጠዋት ብትስበውም ሌሊቱን ይጠብቃታል። በሦስተኛው ሳምንት እኔ ደውዬ ቀሰቀስኳት እንጂ እሷ አልነቃችም። በአምስተኛው ወር ዳገቱ ላይ የምትቆመው ሁለት ጊዜ ነው።

አንድ ነገር ግን ብዙም አልተሻሻለም፤ በርበሬው። ጎረቤት በርበሬ ሲያምስ እማዬ አሁንም ታስላለች። ይህም የነርቭ ነገር ነው፣ ግን በሌላኛው አቅጣጫ። ቬገስ ትእዛዝ ማውረጃ ብቻ አይደለም፣ ወሬም ያወጣል። እንዲያውም አብዛኛው ክሩ ወሬ አውጪ ነው። የቧንቧው ግድግዳ ላይ ጭስ፣ አቧራ፣ ቀዝቃዛ አየር የሚያውቁ ጫፎች አሉ። የበርበሬን ማቃጠል የሚያውቀውን መቀበያ ዴቪድ ጁሊየስ የሚባል አሜሪካዊ ከባልደረቦቹ ጋር በ1997 ለይቶ አወጣው፤ በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፈለበት። ወሬው ወደ አንጎል ግንድ ይወጣል። ከዚያ ሁለት መልስ ይመለሳል፦ "አስል" እና "አጥብብ"። ቲዮትሮፒየም የሚያግደው "አጥብብ" የሚለውን ነው። ሳሉን አይከለክልም። መከልከልም የለበትም ይመስለኛል፣ ሳል ባይኖር አክታው የት ይሄዳል? ልዩነቱ ግን አለ። በፊት ከበርበሬው ሳል በኋላ ግማሽ ቀን ታፍና ትውል ነበር። አሁን አስላ፣ ውሃ ጠጥታ ሥራዋን ትቀጥላለች።

ጉዳቱንም ልንገራችሁ። አንደኛ አፍ ያደርቃል። የምራቅ እጢዎችም የሚታዘዙት በአሴቲልኮሊን ስለሆነ ነው። እማዬ ኩባያ ውሃ ከአጠገቧ አይለይም። ሁለተኛ፣ ፕሮስቴት ያለባቸው አባቶች ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ፤ ሽንት ሊያስቸግራቸው ይችላል። ሦስተኛው እኛን ያስደነገጠን ነው። አንድ ቀን እማዬ ያገለገለውን ካፕሱል በእጇ ስታወጣ ዱቄት ጣቷ ላይ ቀረ። ዓይኗን አሸችበት። ከሰዓት በኋላ "ቀኝ ዓይኔ ብዥ አለብኝ" አለች። ሳያት የቀኝ ዓይኗ ብሌን ከግራው በእጥፍ ሰፍቷል። ነፍሴ ወጣች። የዓይን ሐኪም ጋ ወሰድናት፣ ደግነቱ ግፊቱ ደህና ነበር፣ በራሱ ተመለሰ። ግላኮማ ያለበት ሰው ላይ ግን ይሄ አደገኛ ነው። ከሳባችሁ በኋላ ዕቃውን ገልብጣችሁ ካፕሱሉን በቀጥታ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት። እጃችሁን ታጠቡ።

በነገራችን ላይ ይህ የመድኃኒት ዘር ከእጽዋት የመጣ ነው። በየቆሻሻው ዳር የሚበቅለውን፣ ነጭ የመለከት አበባና እሾኻም ፍሬ ያለውን አስተናግርን ታውቁታላችሁ፤ አንዳንዱ ዕፀ ፋሪስ ይለዋል። እሱ ውስጥ ያለው አትሮፒንና ዘመዶቹ አሴቲልኮሊንን ነው የሚያግዱት። ሕንድ አገር ጭሱን ለአስም ይስቡት ነበር፣ በ1800ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዞች ከዚያ ወሰዱት። ይህን የምጽፈው ማንም እንዲሞክረው አይደለም። አስተናግር ወደ አንጎል ይገባል፣ ያስቃዣል፣ ይገድላል። የቲዮትሮፒየም ብልሃት ሞለኪውሉ ተቀይሮ አንጎል ውስጥ እንዳይገባ፣ ከሳንባም ብዙ እንዳያልፍ መደረጉ ነው። እማዬ "አእምሮዬን ይነካው ይሆን" ብላ ለፈራችው ትክክለኛው መልስ ይሄ ነበር።

ዋጋው ከባድ ነው። የወሩ ሂሳብ ሙሉ የአንድ ቀን ሥራዬን ይዞ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ይበልጣል። ሁሉም ፋርማሲ ውስጥ አይገኝም። አንድ ወር ጠፍቶ ሦስት ሰፈር ዞሬያለሁ። አሁን ካርቶኑ ውስጥ አሥር ፍሬ ሲቀር ነው መፈለግ የምጀምረው። ዕቃውንም በወር አንዴ በሞቀ ውሃ ብቻ አጥባ፣ ከፍታ፣ ቀንና ሌሊት ታደርቀዋለች። ሳሙና የለም።

መድኃኒቱን ከአምስት አምስት እሰጠዋለሁ። ለእኛ የተሰጠበትን መንገድ ግን ይቅር ማለት አልቻልኩም። ካፕሱልን ያየ ሰው ሁሉ ይውጠዋል፤ ሌላ ምን ያድርግ? ፋርማሲው መስኮት ላይ የቆመችው ልጅ አንዴ ከፍታ ብታሳያት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እባካችሁ እዚያ መስኮት ጋ የምትቆሙ ወንድምና እህቶቼ፣ ወረፋው ቢረዝምም አሳዩ። "በቀን አንድ" ብላችሁ አትጻፉ፣ "በዕቃው ይሳባል፣ አይዋጥም" ብላችሁ ጻፉ። ቤተሰቦችም ካርቶኑን ብቻ አትዩ፣ ሲስቡ ተቀምጣችሁ እዩ።

ጭሱንም ተዉ። ይሄን መድኃኒት እየሳቡ ቅጠል መማገድ የሚፈስ ቧንቧ ሳይጠግኑ ወለል መወልወል ነው። እኛ የኤሌክትሪክ ምጣድ አስገብተናል። መብራት ሲጠፋ ግን ወደ ቅጠሉ መመለስ አለ። ለዚያ ብዬ ለጓዳው የቆርቆሮ ጭስ መውጫ ሠርቻለሁ፣ ጣሪያውን አልፎ የሚወጣ። ያን ቀን ምድጃው ላይ የሚቀመጠው እኔ ወይ እህቴ እንጂ እማዬ አይደለችም።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎረቤታችን እትዬ መጡ። እሳቸውም እንደ እማዬ ዕድሜ ልካቸውን የጋገሩ ናቸው። ሐኪም ቤት ሄደው አዲስ መድኃኒት ታዞላቸዋል። ከቦርሳቸው ካርቶኑን አወጡ፣ ያው ካፕሱል ነው። አንዱን ፈልቅቀው መዳፋቸው ላይ አደረጉና "እስቲ ውሃ" አሉ።

እማዬ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ኩባያውን አነሳችና ከእሳቸው አራቀችው። "ቆይ እትዬ፣ ዕቃው የት አለ?" አለቻቸው። እሳቸው ከቦርሳቸው ሥር ፈልገው አወጡላት። ክዳኑን ከፈተችው፣ ካፕሱሉን ከመዳፋቸው ወስዳ ጉድጓዷ ውስጥ አስቀመጠች፣ "ቀጭ" አደረገችው፣ ቁልፉን ተጭና ለቀቀች። ከዚያ ለእሳቸው ሰጠቻቸውና ጆሮዋን ጠጋ አደረገች።

"እንደ ሾርባ" አለቻቸው። "ቀስ ብለው። እስኪጮህ ድረስ።"